ምሳ ዕቃ፣ በያይነቱ ወይስ በሶ? ለጎንደር ሠራተኛ የጾም ምግብ ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው የለም። በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ይከተላል። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ሱፉም በየጓዳው የታወቀ ነው። ሠራተኛውን የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ማን ያበስለዋል? መቼ ያበስለዋል? ከምድጃ ከወረደ በኋላስ እስከሚበላበት ሰዓት ሳይበላሽ ይቆያል?

ይህ ንጽጽር ጠዋት በ2:30 ሰዓት ከሥራ ገበታው ላይ መገኘት ላለበት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለመምህር፣ ለነርስ፣ ለሱቅ ሻጭ። በጾም ወቅት ብቻ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቀውንም፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቀምሰውንም ይመለከታል። የሁለቱ ችግር ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱን በቦታው አነሳዋለሁ።

በምን እንመዝናቸው?

ከመለኪያዎች ሁሉ የሚበላበት ሰዓት ይቀድማል። በተለመደው የመንግሥት ሥራ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ከ6:30 እስከ 7:30 ነው፤ ዓርብ ቀን ከ5:30 እስከ 7:30 ይሰፋል። እስከ 6 ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ተስማሚ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ግን እህል የሚቀምስበት ሰዓት ከሥራው መካከል ይወድቅበታል። ባለጉዳይ በር ላይ ቆሟል፣ ክፍሉ በተማሪ ተሞልቷል፤ ምግብ ቤት ሄዶ በያይነቱ አዝዞ መምጣት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ለአንዱ ሰው ምርጥ የሆነው መንገድ ለጎረቤቱ ጨርሶ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው መበላሸት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብዙ ሰው «አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ወጡ ምንም አይሆንም» ይላል። ይህ በሐምሌ ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን በጎንደር ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን ዓቢይ ጾም የሚውለውም በዚሁ ጊዜ ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6:30 ስንት ሰዓት እንደሆነ መቁጠር ነው።

ሦስተኛው ጥጋብ ነው። ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 0.8 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 48 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል፣ የተቆላ ሽምብራ 20 ግራም ያህል፣ ኦቾሎኒ ደግሞ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ጎመንና ድንች ብቻ በልቶ 10 ሰዓት ላይ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ቢኖር የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚያ ወጪ አለ። እዚህ የብር ቁጥር አላስቀምጥም፤ ዛሬ የሚጻፈው ዋጋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ዋጋ ቢስ ይሆናልና። ይልቅ በድርሻ ያስሉ። አንድ ሰው በአንድ ምሳ ከ50 እስከ 60 ግራም የሽሮ ዱቄት ይበቃዋል፤ አንድ ኪሎ ሽሮ ከ16 እስከ 20 ምሳ ይወጣዋል። ምስር ክክ በ80 ግራም ቢታሰብ ከ12 ምሳ በላይ ነው። የኪሎውን ዋጋ ለዚህ አካፍለው፣ ዘይትና ሽንኩርት ጨምረው፣ ከበያይነቱ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከገመቱት ይሰፋል።

የመጨረሻው የምግቡ ጾምነት ምን ያህል እርግጠኛ ነው የሚለው ነው። በጾም ቀን ይህ ጥያቄ አይነሳም ማለት ይቻላል፤ በማክሰኞና በሐሙስ ግን ይነሳል።

ቤት ሄዶ መብላት

ቤትዎ ከሥራ ቦታዎ በእግር 10 ደቂቃ ቢሆንና ያበሰለ ሰው ቢኖር ሌላ ምክር አያስፈልግዎትም። ትኩስ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ምን እንደገባበት ያውቃሉ። ከዚያ ሲርቅ ግን ስሌቱ ይከዳል። ፒያሳ ሠርቶ አዘዞ የሚኖር ሰው የአንድ ሰዓቱን ዕረፍት ታክሲ ይበላበታል። ማራኪ ለሚኖረውም ቢሆን መሄጃና መመለሻ 15፣ 15 ደቂቃ ቢፈጅ የቀረው 30 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ላይ ወጥ ማሞቂያውን ይቀንሱ። ባጃጅ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መያዝም በወር ሲደመር የምግብ ቤት ምሳ ዋጋ ያህል ሊደርስ ይችላል። የዓርብ ሁለት ሰዓት ዕረፍት ግን ለዚህ ይመቻል።

ምሳ ዕቃ

ከሁሉም ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ በትክክል ከተያዘም ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል።

ስህተቱ የሚጀምረው ማታ እራት ላይ የተረፈውን ወጥ ጠዋት አሙቆ፣ ትኩሱን ከእንጀራ ጋር ጠቅልሎ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ከመዝጋት ነው። እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ያልበዋል፣ እንጀራው ይላቁጣል፣ ለብ ያለው ሙቀት ደግሞ ወጡን ለማኮምጠጥ የሚፈለገው ሙቀት ነው። ሁለት መውጫ አለ። ወይ የፈላውን ወጥ ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ገልብጦ ሲበሉት ገና የሚያቃጥል እንዲሆን ማድረግ፤ ወይም ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት እንደቀዘቀዘ መያዝና መሥሪያ ቤት ማሞቂያ ካለ እዚያ ማሞቅ። ከሁለቱ መካከል ያለው ለብ ያለ ምግብ ነው የሚያሳምመው።

ምግቡን መምረጥም ትልቅ ነገር ነው። ሽሮ ውኃው ብዙ ስለሆነ በቶሎ ይኮመጥጣል፤ ቀጭን ሽሮ ለምሳ ዕቃ አይሆንም። ሱፍ ፍትፍትና ቲማቲም ፍትፍት እዚያው ተሠርተው እዚያው የሚበሉ ናቸው። ወፍራም ምስር ወጥ፣ ድንች በካሮት አልጫ፣ የተጠበሰ ጎመን የተሻለ ይቆያሉ። ከሁሉም የምመርጠው ግን አዚፋ ነው። ድፍን ምስር ይቀቀላል፣ ውኃው ይጠነፈፋል፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል፤ ቀዝቃዛውን የሚበላ ስለሆነ ማሞቂያ አይፈልግም። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ከምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ አዚፋ ጠዋት ተይዞ ለምሳ ቢበላ ከማንኛውም ወጥ ይልቅ እምነት የሚጣልበት ነው።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ድርቆሽ አለ። እንጀራው ከደረቀ ሳምንታት ይቆያል። ዘዴው አንድ ላይ አለመያዝ ነው፤ ድርቆሹን በአንድ ዕቃ፣ ጠዋት የተሠራውን፣ ውኃው መጥጦ ዘይቱ የወጣ ቁሌት በሌላ ትንሽ ዕቃ ይይዛሉ። ምሳ ሊደርስ ሲል ከፔርሙዝ ትንሽ የፈላ ውኃ ጨምሮ መለወስ ነው። ፍርፍሩ ከቤት ተሠርቶ ከመጣው ይሻላል፤ ላቁጦ አይደርስምና።

ስለ ማብሰያ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። በጎንደር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ቆላ ውስጥ ከሚፈጁት ጊዜ በላይ ይፈጃሉ። ድፍን ሽምብራ ማታ ሳይዘፈዘፍ ጠዋት ምድጃ ላይ መጣድ ከሰልን ማቃጠል ነው። ምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ለሥራ ቀን ማታ የተፈጠረ ጥራጥሬ ቢኖር እርሱ ነው። በግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል።

ሽሮውን ከየት ነው የሚገዙት?

ከምሳ ዕቃው ሳልወጣ ይህን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ስለ ጾም ምግብ በሚሰጡ ምክሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ አየዋለሁ። በጾም ወቅት ሽሮን በየቀኑ የሚበላ ሰው ሽሮው ከምን እንደተፈጨ ማወቅ አለበት። ርካሽ የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል፤ ጓያ ከሽምብራና ከአተር በዋጋ ስለሚያንስ። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ ያን ያህል አያስፈራም። ለሁለት፣ ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ግን በፍሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነርቭን ጎድቶ የማይድን የእግር ሽባነት ያመጣል። ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎችን ያሰነከለው ይኸው ነው።

በሱቅ የተፈጨ ሽሮን ከቤት ሽሮ ጋር ለሚያወዳድር ሰው ፍርዴ ግልጽ ነው። ሽምብራውን፣ አተሩን፣ ባቄላውን በፍሬው ገዝተው፣ ለቅመው፣ ቆልተውና ከክተው፣ ምጥኑን ጨምረው ወፍጮ ቤት ያስፈጩ። የቅዳሜ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ለሁለት ወር ግን ያሳርፋል። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ ከሚያምነው ባልትና ቤት ምን ምን እንደገባበት ጠይቆ ይግዛ። «ንጹሕ ሽሮ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም፤ የጥራጥሬውን ስም ይጠይቁ።

በያይነቱ በምግብ ቤት

የበያይነቱ ጥቅም ስሙ ላይ አለ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣው በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብሎ አምስት ዓይነት የሚሠራ የለም። ረቡዕና ዓርብ ገበያው ስለሚደራ ወጡ የዕለቱ ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ረቡዕ በ6:30 ሰዓት ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ወረፋው የአንድ ሰዓቱን ግማሽ ይወስዳል። ዓርብ ግን ዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውጭ ለመብላት የሚወስን ሰው ዓርብን ይምረጥ።

ሲያዝዙ ዓይንዎ የጥራጥሬው ወጥ ላይ ይሁን። ሩዝ፣ ፓስታና ድንች የበዛበት በያይነቱ ትሪውን ይሞላዋል እንጂ አያቆይም። ምስር ወይም ክክ እንዲጨመርልዎ ይጠይቁ፤ አብዛኛው ቤት አይከለክልም። ዘይቱ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ቀይ ወጥ ከሰዓት በኋላ ለሚቀመጥ ሰው ከባድ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ትሪ ማዘዝም ነውር አይደለም፤ ለአንድ ሰው ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው ሆድ ይበልጣልና።

ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ሰው ችግር እዚህ ይጀምራል። በፍስክ ቀን ሽሮ ተጋቢኖ ቅቤ ገብቶበት ሊመጣ ይችላል፤ «ሽሮ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፣ «በዘይት፣ የጾም ይሁንልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከፋው በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም ብዙ ቤቶች የጾም ወጣቸውን ይቀንሳሉ፤ ያለው አንድ ሽሮ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ምግብ ቤት ዋና መንገድ ሊሆን አይችልም።

ኮንትራትና የሠራተኛ ክበብ

ኮንትራት ማለት ከአንዲት እናት ወይም ከአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ጋር ተነጋግሮ የወሩን ምሳ በአንድ ሒሳብ መብላት ነው። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ በተለይ የተለመደ ነው። ከበያይነቱ ይረክሳል፣ ከምሳ ዕቃ ይወደዳል። ወንደላጤ ሆኖ ማብሰል ለማይችል ወይም ለማይወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ብር ከመክፈልዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይስማሙ፤ ሥራ ወጥተው ያልበሉበት ቀን ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? በፍስክ ቀን ለእርስዎ የጾም ወጥ ለብቻው ይሠራል? ወጡ በሳምንት ስንት ጊዜ ይቀያየራል? ሦስተኛውን የሚዘነጋ ሰው ወር ሙሉ ክክ አልጫ ሊበላ ነው።

የሠራተኛ ክበብ ያለበት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ዋጋውና ቅርበቱ ጥሩ ነው፤ ጥራቱ በተራው አብሳይ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ግን ክበቡ በዚያ ሰዓት ምግብ እንዳለው ይጠይቅ፤ በጾም ወቅት ለዚሁ ብለው የሚያቆዩ አሉ፣ በ8 ሰዓት ድስት አጥበው የሚጨርሱም አሉ።

ደረቅ ስንቅ፤ ለ9 ሰዓቱ ሰው

ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሳምንት የሚቀመጥ፣ ማሞቂያ የማይፈልግ፣ ባለጉዳይ ፊት ሳያሳፍር በ5 ደቂቃ የሚበላ ምግብ አያቶቻችን ሠርተው ጨርሰውታል። ነጋዴውና ወታደሩ በሶና ቆሎ ይዞ ነበር መንገድ የሚገባው።

በሶ ከወገራና ከዳባት በኩል በሚመጣው ገብስ ይሠራል፤ ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ሌላ ማብሰል አይፈልግም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ በጥብጦ በስኳር ወይም በጨው መጠጣት ይቻላል፤ ረዘም ላለ ጥጋብ በትንሽ ውኃና ዘይት ለውሶ ጭብጦ ማድረግ ይሻላል። ድክመቱ ገብስ ብቻውን በፕሮቲን ያን ያህል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ከበሶው ጋር አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ይያዝ። እህልና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ቆሎ ሲገዙ የገብሱን ብቻ አይግዙ። ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በጥጋብ ግን ይክሳል። 50 ግራም ለአንድ ጊዜ ይበቃል፤ አንድ ኪሎ 20 ቀን ይሄዳል። ኦቾሎኒው የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የመረረ ከሆነ ለቅመው ከመብላት ይልቅ ሁሉንም ይጣሉት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ዳቦ ቆሎ ለጥርስ ደስ ይላል፣ ለሆድ ግን ያው ስንዴና ዘይት ነው።

ለ9 ሰዓት ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከማታ ጀምሮ ባዶ የቆየ ሆድ ላይ በመጀመሪያ ቡና ማውረድ የብዙ መሥሪያ ቤት ልማድ ነው። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ በሶው ወይም የተልባ ውኃ፣ ከዚያ ቆሎው ይሁን፤ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይምጣ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጡ ሰውነት ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። ይህ በተለይ ለሴቶች ቀላል ነገር አይደለም። የቦካ እንጀራ በዚህ በኩል ይረዳል፤ መቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ያዳክመዋል።

የ4 ሰዓቱና የ10 ሰዓቱ መክሰስ

ለማይጾመው ወይም ጾሙን አስቀድሞ ለጨረሰው። የምስር ሳምቡሳ ትኩስ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ማለዳ የተጠበሰውን ከሰዓት በኋላ መብላት ግን ዘይት መጠጣት ነው። ፓስቲ ከሳምቡሳ የሚለየው ጥራጥሬ የሌለበት መሆኑ ብቻ ነው። ንፍሮ፣ በተለይ የሽምብራና የስንዴ ድብልቅ፣ ከሁለቱም ይሻላል፤ የዕለቱ ዕለት ይበላ እንጂ አይደር። ሙዝ ተልጦ የሚበላ ስለሆነ የእጅ መታጠቢያ ውኃ በጠፋበት መሥሪያ ቤት ከሁሉም ንጹሑ ነው። የአቮካዶ ጭማቂ ያጠግባል፤ ወተት እንዳይገባበት ይንገሩ፣ ስኳሩንም ያስቀንሱ። ዳቦና ብስኩት የሚገዛ ዓመት ሙሉ ጿሚ የማሸጊያውን ጽሑፍ ያንብብ፤ የወተት ዱቄት በብዙዎቹ ብስኩቶች ውስጥ አለ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለ6:30 ምሳ | ለ9 ሰዓት | ልፋት | ወጪ | የጾምነቱ እርግጠኝነት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቤት ሄዶ መብላት | ቅርብ ከሆነ ምርጥ | አይሆንም | አነስተኛ፣ አብሳይ ካለ | ዝቅተኛ፣ ባጃጅ ከሌለ | ሙሉ |
| አዚፋ ወይም ወፍራም ወጥ በምሳ ዕቃ | በጣም ጥሩ | ማቀዝቀዣ ካለ | ማታ 40 ደቂቃ ያህል | ዝቅተኛ | ሙሉ |
| ድርቆሽና ቁሌት | ጥሩ | ጥሩ | ጠዋት 20 ደቂቃ ያህል | ዝቅተኛ | ሙሉ |
| በያይነቱ | ዓርብ ጥሩ፣ ረቡዕ ወረፋ | አይመችም | የለም | ከፍተኛ | በጾም ቀን ጥሩ፣ በፍስክ ይጠየቅ |
| ኮንትራት | ጥሩ | በስምምነት | የለም | መካከለኛ | በስምምነት |
| የሠራተኛ ክበብ | ጥሩ | ይጠየቅ | የለም | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ይጠየቅ |
| በሶና ቆሎ | ለምሳ ብቻውን ያንሳል | ምርጥ | በወር አንድ ጊዜ | ዝቅተኛ | ሙሉ |

እንደ ሁኔታዎ

ቤተሰብ ያለው፣ ማቀዝቀዣም ያለው ሰው፦ እሑድ ማታ አንድ ድስት ምስርና አንድ ድስት ቁሌት ይሠራ። ከምስሩ ግማሹ ለሰኞና ለማክሰኞ አዚፋ ይሆናል፣ ግማሹ ወደ ወጥ ይሄዳል። ቁሌቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ያገለግላል፤ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን ቀኑን አይቁጠሩ፣ አፍልተው ያንኑ ዕለት ይጨርሱት። ረቡዕ ማታ አዲስ ያብስሉ፤ የዓርቡን ምሳ ውጭ ይብሉ።

ብቻውን በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ማቀዝቀዣ የሌለው፦ ኮንትራትን ከድርቆሽ ጋር ያጣምር። ገንዘቡ ከጠበበ ኮንትራቱን ትቶ ድርቆሽና በሶ ላይ ይቁም፤ የቀረውን ብር ለሽምብራ ቆሎና ለሎሚ ያውል እንጂ ለፓስቲ አያውል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም፦ በሶ፣ የተቀላቀለ ቆሎና ውኃ መሳቢያው ውስጥ ይኑሩ፤ ዋናው ምግብ ማታ 12 ሰዓት ቤት ይሁን። በ9 ሰዓት ከባድ ምግብ ለመብላት መሞከር ሥራውንም ምግቡንም ያበላሻል። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመም ያለበትና መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት።

የሌሊት ፈረቃ ያለበት ነርስ ወይም ጥበቃ፦ ምግብ ቤትም ክበብም ተዘግቷልና ምርጫው ጠባብ ነው። ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል ወፍራም ወጥ ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ይያዝና እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይብላው። ለንጋት 10 ሰዓት በሶና ሙዝ ይበቃል።

ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ፦ ከጿሚው የሚለየው በሁለት ንጥረ ነገሮች ነው። ቫይታሚን ቢ12 በጥራጥሬም በአትክልትም አይገኝም። ጿሚው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ በወተትና በእንቁላል ይሞላዋል፤ ሌላው ግን ከመድኃኒት ቤት ወይም ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ መውሰድ ስላለበት ሐኪም ያማክር። ሌላው ካልሲየም ነው፤ ለዚህ መፍትሔው ጎንደር ውስጥ አለ። 100 ግራም የዳጉሳ ዱቄት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ስላለው ከጤፍ ጋር የተቀላቀለ የዳጉሳ እንጀራ ያስጋግሩ፤ ከመተማና ከሑመራ የሚመጣውን ሰሊጥም ቆልተው ከበሶው ጋር ይፍጩት። በዓለ ሃምሳ ከመግባቱ በፊት ደግሞ የሁለት ወር ሽሮ አስፈጭተው ያስቀምጡ፤ ያኔ በምግብ ቤት መተማመን አይቻልም።